እግራቸው ወይስ ነዳጅ መስጫው

ቤተሰቡ ፍርዱን ከሰጠ ሰንብቷል፤ ጥፋተኛው የአባትየው ቀኝ እግር ነው። አሮጌዋ መኪና ከሰው አጥር ጋር ከተላተመች ወዲህ፣ "ነዳጅ መስጫው ራሱ ይዞ ቀረ" ቢሉ ማን ሰምቷቸው! ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ሲነዱ አንድ መስታወት እንኳ ያልሰበሩ ሰው መሆናቸውን ሁሉም እርግፍ አድርጎ ረሳው። ሦስት ጋራዥም "መኪናዋ ምንም የላትም" አለ። ይኼ አራተኛውና የመጨረሻው ነው። እዚህም ምንም ካልተገኘ፣ ትልቋ ልጃቸው ቁልፉን ተቀብላ መኪናዋን እንድትሸጥ ቤተሰቡ ቆርጧል።

የጋራዡ ባለቤት ሴት መካኒክ ናት፤ ጎልማሳ፣ ክንዷ እስከ ክርኗ በግራሶ የጠቆረ። ደንበኞቿ "ቀስ በሉ" የሚል ስም አውጥተውላታል፤ ከአፏ የማይጠፋ ቃል ነው። ልጅየዋ ገና ከመኪናዋ ሳትወርድ ታሪኩን ታዥጎደጉደው ጀመር።

"ቀስ በይ እህቴ። የምትነጂው አንቺ ነሽ?"

"አይ፣ አባዬ ነው" አለች፣ አጠገቧ ወዳሉት አባቷ እያመለከተች።

"እንግዲያው እሳቸው ይንገሩኝ።" ኮፈኑን ዞር ብላም አላየችው። በርጩማ ስባ አባትየው ፊት ተቀመጠች። "መቼ መቼ ነው የሚይዝብዎት አባባ?"

አባትየው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ይህን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። "ዳገት ላይ ቆሜ ስነሳ፣ በአንደኛ ማርሽ። ሜዳ ላይ አንድም ቀን ይዞ አያውቅም።"

"ሌሎቹ የፈተኗት እንዴት ነው?"

"እዚያው ቆማ፣ ማርሽ ሳይገባ።"

"ቆማማ ጨዋ ናት!" አለች መካኒኳ እየሳቀች።

ልጅየዋ አፈረች። ሦስቱም ጋራዥ ውስጥ አጠገባቸው ቆማ ነበር፤ ይቺን አንዲት ጥያቄ ለመጠየቅ ግን መካኒክ መሆን አያስፈልግም ነበር።

መካኒኳ በአራቱም ጎማ ሥር ታኮ አስገባች፣ የእጅ ፍሬኑን አጥብቃ ሳበች፣ ኮፈኑን ከፍታ በጎን በኩል ቆመች። "አንቺ በሩን ከፍተሽ ቁጢጥ በይና እግራቸውን ብቻ እዪ። አባባ፣ መሪው ጋ ይቀመጡና ያስነሷት፤ ቀኝዎ ፍሬን ላይ ይሁን። አንደኛ ያስገቡና ፍሪሲዮኑን በቀስታ ይልቀቁ።"

ግራ እግራቸው ቀስ እያለ ከፍ አለ። መኪናዋ ልትሄድ ታገለች፤ ወዲያው ሞተሩ አጓራ። የልጅየዋ ዓይን ነዳጅ መስጫው ላይ ነው፤ ማንም አልነካውም። አባትየው ፍሪሲዮኑን ረገጡ፤ ጩኸቱ ባሰ። ሳይደናገጡ ሞተሩን አጠፉ። ያን ጊዜ የልጅየዋ ጆሮ ጭው አለ።

"ይኸውልሽ" አለች መካኒኳ፣ ልጅየዋን ወደ ኮፈኑ ጠርታ። ሞተሩን ከሥሩ ደግፎ የሚይዘው የጎማ ትራስ ለሁለት ተሰንጥቋል። "ጉልበት ሲያወጣ ሞተሩ ከቦታው ይነሳና የነዳጁን ሽቦ ይዞት ይሄዳል፤ ሽቦው እዚህ ጠርዝ ላይ ይነከስና አይመለስም። አባትሽ የተናገሩት ቃል በቃል ልክ ነው። እንዲህ ያለ ሾፌር ሁሌ ቢመጣልኝ እኔ ሥራ እፈታለሁ።"

እንዲህ ያለች ሴት እጇ ይባረክ! ልጅየዋ ልትስማት ሁሉ ቃጣት። ግን ወደ አባቷ ዞረች።

"አባዬ፣ ይቅር በለኝ። አላመንኩህም።"

አባትየው መሪውን እንደያዙ ቁልቁል ቀኝ እግራቸውን ያዩ ነበር።

"እኔም አላመንኩትም" አሉ። "ጠዋት ጠዋት እናንተ ሳትነሱ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ አነሳዋለሁ፣ አወርደዋለሁ፤ ይታዘዘኝ እንደሆነ ብዬ።"