የፊልሙ መርዶ

ስለ አንድ ወታደር ሕይወት የተሠራው ፊልም በሰሊጡ መጋዘን ታይቶ ሲያልቅ አጠገቤ የተቀመጡት እማማ ሀብትነሽ ያለቅሱ ነበር። ለሟቹ ጀግና መስሎኝ «ፊልም እኮ ነው» አልኳቸው።

«ለእሱ አይደለም። እናቱን ብቻዋን መርዶ አረዷት። ጎረቤቱ የት ሄዶ ነው?»

እውነታቸውን ነው። በፊልሙ አንድ መኮንን የልጇን ሞት በጠራራ ፀሐይ ደጇ ላይ ነግሯት ሄደ። በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው በማለዳ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ነው። የእኔም ወንድም ሰሜን ግንባር ነበር፤ እኔ ገንዳ ውሃ ከተማ ለማስተማር ከመጣሁ ገና መንፈቄ ነበር።

ፊልሙን ያሳየን ካድሬ አስተያየት ሲጠይቀኝ ተነሥቼ ይህንኑ፣ ወንድሜም ግንባር መሆኑን ጨምሬ ተናገርኩ።

«ጓድ መምህርት፣ ስለ ጀግንነቱ ነው የጠየቅንሽ» አለኝ። ተቀመጥኩ።

ስንወጣ እማማ ሀብትነሽ «እዚህ ዘመድ አለሽ?» አሉኝ።

«የለኝም።»

«እንግዲያው ጎረቤትሽ እኔ ነኝ» ብለው ቤቴን እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። አሳየኋቸውና ተለያየን።