ሃያ ሦስት ገመዶች

ጉድጓድ ቆፋሪው ችካሉን በሁለት እጁ ጨምድዶ ግራና ቀኝ ወዘወዘው። ቀይ ቀለም የተቀባ ብረት ነው፤ ገና ጠዋት ከገዛ ግቢው መሃል፣ ከልብስ ማስጫው ሽቦ ሥር ተተክሏል። አፈሩን ይዞ ሲነቀልለት በአጥሩ ላይ አሻግሮ መንገድ ላይ ወረወረው።

«ጋሼ፣ ተዉ እንጂ! መልሼ መትከሌ ላይቀር፤» አለ ወጣቱ መሐንዲስ፣ መዶሻውን እንደያዘ።

«ትከል። እኔም መልሼ እነቅላለሁ። የማን ክንድ ቀድሞ እንደሚዝል እናያለን።»

መሐንዲሱ አልተቆጣም። ቆፋሪውን ይበልጥ ያበሸቀውም ይኸው ነው። ልጁ በትሕትና ወረቀት ዘረጋለት። በሰባት ግቢዎች ሥር ያለውን ነጭ አፈር ለአንድ የሴራሚክ ፋብሪካ የሚሰጥ የቁፋሮ ፈቃድ ነው፤ አንደኛው ግቢ የእሱ ነው፣ ስድስቱ የጎረቤቶቹ።

«ለቤቱና ለዛፎቹ ካሳ ይከፈልዎታል።»

«ለአፈሩስ?»

«አፈሩ የእርስዎ አይደለም፣ ጋሼ።»

ሠላሳ ዓመት መሬት ሲምስ የኖረ ሰው ነው። ሰፈሩ «ፍልፈል» ይለዋል፤ ለምዶት በክርስትና ስሙ ሲጠሩት ዞር ብሎም አያይም። ጉድጓድ በቆፈረ ቁጥር አንድ ገመድ ያወርዳል። የአፈሩ ዓይነት በተለወጠበት ጥልቀት ሁሉ ይቋጥርና በቋጠሮው ውስጥ ቁራጭ ጨርቅ ይሸጉጣል፦ ለቀይ አፈር ቀይ፣ ለአሸዋ ቢጫ፣ ለነጩ ነጭ፣ ውሃ ለፈለቀበት ሰማያዊ። ሥራው ሲያልቅ ገመዱን ቤቱ ወስዶ ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል። ከዓመታት በኋላ የጎረቤት ጉድጓድ ውሃው ሲሸሽ፣ ምን ያህል እንደሚወርድ ከገመዱ ያነባል። በግድግዳው ላይ ሃያ ሦስት ገመዶች ተሰቅለዋል፤ የሰባቱም ግቢዎች ገመድ እዚያው አለ።

ከሦስት ወር በፊት ይኸው መሐንዲስ የሚጠጣ ውሃ ለምኖ ገብቶ ነበር። ግድግዳውን አየና «ይሄ ምንድን ነው፣ ጋሼ?» አለ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ፍልፈል ደስ ብሎት የራሱን ግቢ ገመድ አወረደና ቋጠሮ በቋጠሮ አስረዳው። ልጁም ራሱን እየነቀነቀ ጻፈ።

«ምላስህ ከገመድህ ይረዝማል!» አለች ሚስቱ አሁን። ልብስ ሰፊ ናት፤ የመለኪያ ሜትሯ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። «አንድ ጠርሙስ ለስላሳ እንኳ ሳይጋብዝህ ሆድህን ዘርግፈህለት!»

«ነይ፣ መሬት ጽሕፈት ቤት እንሂድ፤» አለ።

ሁለት ሰዓት ተሰልፈው ገቡ። የኃላፊዋ ጠረጴዛ አንድ እግሩ አጥሮ በታጠፈ ማመልከቻ ተደግፏል። ፍልፈል ማመልከቻውን አየና ጥርሱን ነከሰ።

ኃላፊዋ ሕጉን አነበበችላቸው፤ ድምፅዋ ስንት ጊዜ እንዳነበበችው ይናገራል። «በመሬቱ ላይ ያፈሩት ሁሉ የእርስዎ ነው፣ አባባ። ከመሬት በታች ያለው የተፈጥሮ ሀብት ግን የመንግሥትና የሕዝብ ነው።»

«እኔስ ሕዝብ አይደለሁም?»

«ሕዝብ ማለት ሁሉም ነው። አንድ ሰው ብቻውን ሕዝብ አይሆንም።»

«ፋብሪካው ስንት ሰው ነው ታዲያ?»

ኃላፊዋ ካርታ ዘርግታ አዞረችለት። የግቢው ሥር እንደ ተቆረሰ ዳቦ ተስሏል፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ነጭ፣ ሰማያዊ። ሚስቱ ጣቷን አረንጓዴው ላይ አሳረፈች።

«ይሄ ምን ዓይነት አፈር ነው?»

ኃላፊዋ ከታች ያለውን ጽሑፍ ፈለገች። «ጥቁር አፈር ይላል።»

«ጥቁር ጨርቅ አጥቼ የልጄን አረንጓዴ ዩኒፎርም ቅዳጅ ለገመዱ የሰጠሁት ነው!» ሚስቱ ወደ ባሏ ዞረች። «አየህ? የእኔን ቁራጭ ሳይቀር ገልብጦታል!»

ፍልፈል ፊቱ ጋለ። «አንድ ቀን እንኳ አካፋ ሳይጨብጥ!»

«መሐንዲሱ የእርስዎን ዕውቀት ያከብራል፤» አለች ኃላፊዋ። «የስድስቱ ጎረቤቶች ግቢ ግን በካርታው ላይ ባዶ ነው። ዛሬ ከሰዓት መጥቶ ገመዶቹን ይረከብዎታል። ለእርስዎም በፋብሪካው ሥራ ይሰጥዎታል፣ አስጎብኚ ሆነው።»

«ባልሰጠውስ?»

«መመርመሪያ ማሽን መጠበቅ ነው። ወረፋው ዓመት ይፈጃል፤ ያለ ካርታ ደግሞ ቁፋሮ አይጀመርም። ግን ለምን ያስቸግራሉ፣ አባባ? አሁንም ሆነ ከዓመት በኋላ ሕጉ ያው ነው።»

ፍልፈል ብድግ ሲል ወንበሩ ወደቀ። አላነሳውም።

ቤት ደርሶ ጫማውን ሳያወልቅ ግድግዳው ሥር ቆመ። ከስድስቱ ጎረቤቶች የአንዷን፣ የጥግ ቤቷን መበለት ገመድ አወረደ፤ ያንን ጉድጓድ ሲቆፍር ድንጋይ ወድቆ የትከሻውን አጥንት ሰብሮታል። መሬት ላይ ተቀመጠና የመጀመሪያውን ቋጠሮ በጥፍሩ ይፈለቅቅ ጀመር። ሚስቱ የልብስ መቀሷን አቀበለችው።

«አልፈልግም። ገመዱ ምን አጠፋ?» ቋጠሮውን በጥርሱ ያዘው፤ ተፈታ። ቀይ ጨርቅ ወደቀ።

«ነገ የሰው ጉድጓድ ውሃው ሲሸሽ በምን ልታውቅ ነው?»

«እንደ ፍልፈል እምሳለኋ!»

ስድስተኛውን ገመድ ሲጨርስ ሰባተኛውን አወረደ።

«ይሄኛው እኮ ከወንዙ ማዶ ነው፤ ፈቃዱ አይነካውም።»

«ነገ ደግሞ የወንዙ ማዶ ቢያምራቸውስ?»

ሚስቱ አጠገቡ ተቀመጠችና ስምንተኛውን ቀምታው ትፈታ ጀመር።

መሐንዲሱ በሩን አንኳኩቶ ሲገባ አሥራ አራት ገመዶች ልሙጥ ሆነው ተከምረዋል። የጨርቅ ቁርጥራጭ ወለሉን ሞልቶታል። ልጁ ደነገጠ፤ ጎንበስ ብሎ አንዱን ገመድ አነሳና ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሰው።

«ጋሼ! ምን አደረጉ? የሠላሳ ዓመት ሥራዎ እኮ ነው!»

ፍልፈል ቀና ብሎ አላየውም። ከንፈሩ በገመዱ ተልጦ ደምቷል።

«ሕጉ ተነብቦልኛል፣ ልጄ፤» አለ። «ከመሬት በላይ ያለው የእኔ ነው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ነገር ደግሞ ከመሬት በላይ ነው።»

የራሱን ግቢ ገመድ አወረደ፤ ካርታው ላይ ያለውን፣ ቢፈታም የማይጠቅመውን። አረንጓዴዋ ጨርቅ ካለችበት ቋጠሮ ጀመረ።