የደመናው ገበር

የካፖርት ፋብሪካው ተርጓሚ አስራ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ቃል ሲያገላብጥ ኖሮ፣ የራሱን ቃል የተናገረው አንድ ቀን ብቻ ነው። እሱም እንጀራውን አሳጣው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሠላሳ ሰፊዎች ከሥራ ይቀነሱ የሚል ደብዳቤ ከዋናው ቢሮ በእንግሊዝኛ መጣ። ማሳረጊያው ላይ ማጽናኛ ተጨምሮበታል፤ ፈረንጆቹ ክፉ ቀንም በጎ ነገር አያጣም ለማለት፣ ደመና ሁሉ የብር ገበር አለው ይላሉ።

ተርጓሚው ደብዳቤውን ይዞ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባ።

"ጌታዬ፣ ይቺን እንኳ በእኛ 'ሳይደግስ አይጣላም' ብንላት አይሻልም?"

ሥራ አስኪያጁ አሰብ አደረገና፣ "ተው፤ ድግስ ካልናቸው ምሳ ይጠብቃሉ። እንዳለ ተርጉመው" አለ።

እንዳለ ተረጎመው። ከሰዓት በኋላ ሰፊዎቹ የስፌት መኪናቸውን አቁመው ተሰበሰቡ፤ እሱም ወንበር ላይ ቆሞ አነበበ። የሠላሳው ስም አንድ በአንድ ተጠራ። የደመናው ነገር ላይ ሲደርስ ግን የገበር ክፍል ኃላፊዋ እጇን አወጣች። ሃያ ዓመት ገበር ስትሰፋ የኖረች ሴት ናት፤ ስሟም ከተነበቡት አንዱ ነው።

"ወንድሜ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ። ገበር እኮ የሚሰፋው በውስጥ በኩል ነው፤ የሚያሞቀውም የለበሰውን ነው። ይሄን ደመና የለበሰው ማነው?"

ሥራ አስኪያጁ ወደ ተርጓሚው ዞረ። "መልስላት እንጂ" አለው።

ተርጓሚው ወረቀቱን ገልብጦ አየ። ከጀርባው ምንም አልተጻፈም።

"እንደገባኝ ከሆነ እትዬ፣ ገበሩ የእነሱ ነው፤ ዝናቡ የእናንተ" አላት።

ሥራ አስኪያጁ እስክሪብቶውን አወጣና ከስሞቹ ግርጌ ሠላሳ አንደኛ ጨመረ።

ከወር በኋላ ኃላፊዋና አስራ አንድ ጓደኞቿ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተው የተማሪዎች የደንብ ልብስ መስፋት ጀመሩ። ተርጓሚውን ደብዳቤ እንዲጽፍላቸው ጠሩት። የሚጻፍ ሲጠፋ ቁልፍ ይሰፋል፤ የሰፋው ቁልፍ ግን ሳምንት አይከርምም።

"ይሄን ደግሞ ማን ተረጎመው?" እያለች ኃላፊዋ ትተረትርበታለች። ሴቶቹ ይስቃሉ፤ እሱም ዕንባው እስኪፈስ አብሯቸው ይስቃል። አመሻሽ ላይ ፊቱ ፈክቶ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ግራ ይገባታል።

"ዛሬ ደግሞ ምን ተገኘ?"

"ቁልፍ ሰፋሁ" ይላታል። ከዚያ በላይ አይተረጉምላትም።