ሁለት ወፍ ያላት ሳንቲም

«ግድ የለህም ልጄ፣ የትኛው ሱቅ እንደሰጠህ ብቻ ንገረኝ፤ ሄጄ አስቀይርልሃለሁ» አሉ ጋሽ አጉሊ፣ ሳንቲሟን ወደ ሰዓት ሠሪው መልሰው እየገፉ።

ሰዓት ሠሪው ላብ አጠመቀው። ምስኪን፣ ልጃቸውን ለትዳር ሊጠይቅ ሲመጣ ባዶ እጄን አልገባም ብሎ ከሁሉ አብልጦ የሚወዳትን ሳንቲም በጥጥ ጠቅልሎ አምጥቶላቸዋል። እሳቸው ደግሞ ከሱቅ በመልስ ብልሹ ሳንቲም ያስታቀፉት መስሏቸው አዘኑለት።

«ኧረ አባባ፣ ስጦታ ናት» አለ እየተንተባተበ። «እንዲህ ያሉትን እሰበስባለሁ። ሲታተሙ የተበላሹትን።»

እኔ ጎረቤት ነኝ፤ ልጅቱ «እትዬ፣ አባዬ ከተቆጣ ቀልድ ጣል አርጊልኝ» ብላ ነው ሶፋው ጫፍ ላይ ያስቀመጠችኝ። ግን ለዚህ ምን ዓይነት ቀልድ ይገኛል? ጋሽ አጉሊ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሳንቲም ማተሚያ ቤት ውስጥ የተበላሸውን እየለቀሙ ወደ ማቅለጫ ሲጥሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ስማቸውም የወጣው ካንገታቸው ከማትወርደው አጉሊ መነጽር ነው። በእሷ ሳያዩ ቲማቲም እንኳ አይገዙም። ከራሳቸው በላይ የናስ ሰሌዳ ተሰቅሏል፦ «አንድም ብልሽት ላላሳለፈ ዓይን»። በቤቱ ውስጥ እንደሱ የሚወለወል ዕቃ የለም።

እሳቸው እንዳይወጣ ሲጠብቁ የኖሩትን፣ አማች ልሁን ባዩ ወጥቶ ሲያገኘው ደስ ይለዋል!

መነጽሯን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። ሳንቲሟ በአንድ ፊቷ እንደማንኛዋም ሳንቲም ወፍ አለባት። በሌላው ፊት ግን ቁጥሩ መኖር ሲገባው፣ ያችው ወፍ ወደ ውስጥ ጎድጉዳ፣ ምንቃሯን በተቃራኒው አዙራ ተቀምጣለች።

«ይህን በሞርሳ የሚሠሩ አሉ» አሉ። «ሁለት ሳንቲም ደራርቦ ማጥበቅ ነው።»

ልጅቱ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ገባኝ። የሞርሳ ሥራ ናት ካሉ፣ ሰዓት ሠሪው ተሞኝቶ ሊያሞኝ የመጣ ሰው ሆኖ ይወጣል፤ ሰሌዳውም እንዳማረበት ይኖራል። እውነተኛ ናት ካሉ ግን በእሳቸው እጅ አልፋለች ማለት ነው። ዓመቷ ከወፏ እግር ሥር ተጽፏል፤ ያን ጊዜ ደግሞ በመልቀሚያው ጠረጴዛ ከእሳቸው ሌላ ሰው አልነበረም። ይህን ጎረቤት ሁሉ ያውቃል፤ መች ሳይነግሩን ውለው ያውቃሉ!

ተነሥተው ወደ መስኮቱ ሄዱ። ሳንቲሟን በጣቶቻቸው ጫፍ ይዘው ወደ ብርሃኑ ዘንበል፣ ቀና አደረጓት።

«በሞርሳ ቢሆን ይቺ የላይኛዋ ወፍ ትደፈጠጥ ነበር» አሉ ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ። «ላባዋ ግን ጥርት ብሏል። ከጎድጓዳዋም ሥር የቁጥሩ ርዝራዥ በቀረ ነበር። የለም።»

«ታዲያ እንዴት እንዲህ ሆነች?» አልኩ።

«ከእሷ በፊት የተመታችው አልወድቅ ብላ ከቁጥሩ ማህተም ላይ ተጣብቃ ቀረች። ቀጣዩ ባዶ ብረት ገባ። ማሽን ምን ያውቃል፣ መታው። ቁጥሩ ሊያርፍበት ሲገባ የእህቷ ወፍ አረፈችበት።»

ሳንቲሟን በመዳፋቸው ላይ ገለበጧት።

«እኔ ጋ ስትደርስ ይቺ ደህናዋ ወፍ ከላይ ነበረች መሰለኝ። ደህና ናት ብዬ አሳለፍኳት። አላገላበጥኳትም።»

ቀና ብለው ሰዓት ሠሪውን አዩት። እስከ ዛሬ የሚያውቁት በዚሁ መስኮት ሥር ሲያልፍ በሚያዩት፣ ዘይት በነካው እጅጌው ብቻ ነበር።

«እውነተኛ ናት» አሉ፤ ሳንቲሟን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጧት።

«የእርስዎ ናት አባባ» አለ ሰዓት ሠሪው። «ከፈለጉ ትቅለጥ። ለዚያ ብዬ ነው ያመጣኋት።»

ሳንቲሟን በጥጡ መልሰው ጠቀለሏትና ኪሳቸው ከተቷት።

«አትቀልጥም። ልጄም ከወደደችህ ይሁን፤ ሳላገላብጥ አልመልስህም።» ወደ ሰሌዳው ቀና አሉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እሱም እዚያው ይቆይ። በዚያ ሁሉ ዘመን አንዲት ብታመልጠኝ ምን ነውር አለው?»

ልጅቱ ሻይ እየቀዳች ነበር። ከብርጭቆው ዓይኗን ሳታነሣ፣

«አባዬ፣ የቀሩትን ያመለጡህን ለሰርጉ ብለን ነው ያቆየናቸው» አለች።