ደኑ የማን ነው?

መጋረጃ ሰፊዋ ባሏን መጠርጠር የጀመረችው ሽቶ መቀባት ሲያበዛ ነው። ለዓመታት አብረው ሲሠሩ እሷ ትነድፋለች፣ ትሰፋለች፤ እሱ መሰላሉን ተሸክሞ ደንበኛ ቤት እየሄደ ይሰቅላል። መሰላል ለመውጣት ሽቶ ምን ያደርጋል?

ነገሩ የመጣው ከአንዲት ፋርማሲስት ደንበኛቸው ጋር ነው። ሴትዮዋ አዲስ ቤት ሠርታ የመኝታ ቤቶቹን መጋረጃ በሙሉ ለእነሱ ሰጠች። የሴትዮዋ ሴት ልጅ ክፍሏ ደን እንዲመስል ትፈልጋለች የሚለውን ወሬ ይዞ የመጣው ባሏ ነው። ሰፊዋም አረንጓዴ በአረንጓዴ ላይ ደረበች፤ ስሱን ከፊት፣ ጠቆር ያለውን ከኋላ። ሽንሽኑን እንደ ዛፍ ግንድ ወፈር ወፈር አደረገችው።

ባልየው ግን ሊሰቅል ሄዶ ቶሎ አይመለስም። ዘንጉ ዘመመ፣ ግድግዳው አስቸገረ ይላል። ሲመለስ ያፏጫል። እሷ ስፌት መኪናዋ ላይ አቀርቅራ ሴትዮዋን በዓይነ ሕሊናዋ ታያታለች፤ መሰላሉን ይዛለት፣ ከሥር ወደ ላይ እያየችው።

አንድ ቀን ማንጠልጠያ ረስቷል ብላ ተከትላው ሄደች። ረስቶ አይደለም፤ ራሷ ናት ከቦርሳው ያወጣችው።

በሩን የከፈተችው ፋርማሲስቷ ገና ከሥራ የገባች፣ ድካም የተጫናት ናት። እንግዳዋ ማን እንደሆነች ስትሰማ ደስ ብሏት ወደ ልጅቷ ክፍል ወሰደቻት።

«የሚሰፉለት እርስዎ ነዎት ለካ። እጅዎ ይባረክ። እሱ የነደፈውን አንድም ሳያጎድሉ ነው አሉ የሚያወጡት። ይህን ደን ያሰበ ጭንቅላት ግን ይገርመኛል።»

ባልየው መሰላሉ ላይ ነበር። ዞር አላለም። ጠብቆ ያለቀ ብሎን ማጥበቁን ቀጠለ።

ሰፊዋ የተዘጋጀችው ለሌላ ነገር ነው፤ ለሴት። ለተሰረቀ ንድፍ አልነበረም። ማንጠልጠያውን አስቀምጣ ወጣች።

ቤት ሲገባ ስለ ሴትዮዋ አንድም አልጠየቀችውም።

«ደኑ የማን ነው?» አለችው።

«ያንቺ።»

ሰው ሁሉ እሷን ሲያደንቅ እሱን ግን ወለሉን እንዳትቧጭር ከማለት በቀር የሚያናግረው እንደሌለ ነገራት። ፋርማሲስቷ ማን አሰበው ስትለው እኔ የሚለው ቃል አመለጠው፤ ከዚያ ወዲያ መመለሻ አጣ፤ ሽቶውም ንድፍ አውጪ ለመምሰል ነበር።

«ቀናሁብሽ» አለ። «ምን ልበልሽ።»

አልራራችለትም። ሴትዮዋ ጋ ደውሎ እውነቱን እስኪናገር አጠገቡ ቆማ ሰማች። ከዚያ፣ የቀረውን የሴትዮዋን ወንድ ልጅ ክፍል አንተው ንደፈው አለችው። እንዲወድቅ ፈልጋ ነው፤ ይህን ከራሷም አልደበቀችም።

እሱ እርሳስ ሲያኝክ ሰነበተና የድንኳን ሥዕል ይዞ መጣ። ዘንጉ ከመስኮቱ በላይ ሳይሆን ጣሪያው ላይ ክብ ሆኖ ይታሰራል፤ ጨርቁ ከዚያ ወርዶ መስኮቱንም አልጋውንም ያቅፋል። ሰፊዋ እንከን ፈለገች። ቀለሙን ነቀፈች፤ ቀየረው። ሌላ የሚነቀፍ አጣች። ዕድሜ ልኳን ጨርቅ ስታስብ ጣሪያ ቀና ብላ አይታ አታውቅም።

ስፌቱን ላበላሸው ይሆን ብላ አስባ ነበር፤ እጇ እሺ አላላትም። መጋረጃው ሲሰቀል ልጁ ውስጡ ገብቶ አልወጣም አለ። ፋርማሲስቷም ባልየውን እጁን ጨብጣ አመሰገነችው፤ አሁን የሚገባው ነበር። ሰፊዋ ጥግ ላይ የወዳደቀ ክር ስትለቅም ደረቷ ውስጥ እሳት የገባ መሰላት። እሱ የኖረበት እሳት ይኼ እንደሆነም ገባት፤ ማወቋ ግን አላበረደላትም።

መሰላሉን በሁለት ጫፍ ይዘው ወደ ቤት ሲሄዱ እንዴት አየሽው ብሎ ጠየቃት።

«ቆንጆ ነው» አለችው።

ቃሉ እየተጎተተ ነበር የወጣው። እሱም መጎተቱን ሰምቶታል፤ ድገሚልኝ አላላትም።