የሦስት ትልም መሐላ

መሐላ የሚያስፈራው የበደለን ነው ይባላል። ገበሬው ቢሆነኝ አልበደለም፤ ስለዚህ በዚያ እሁድ ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያን የሄደው ሠርግ እንደተጠራ ሰው ዘና ብሎ ነበር።

ነገሩ የወሰን ነው። የማሳ ጎረቤቱ ካሣሁን ሦስት ትልም ገፍቶብኛል ብሎ ከሰሰው። ወሰኑ ሲከለል ያዩ አዛውንት ሁሉ አፈር ለብሰዋል፤ የመሬት ደብተሩም ስለ ሦስት ትልም ደንታ የለውም። ሽማግሌዎቹ ምስክር ቢያጡ ጊዜ፣ ቢሆነኝ በደጀ ሰላሙ ይማል፣ ከማለ መሬቱ የእሱ ነው ብለው ቆረጡ። እሱም ደስ አለው። የወሰኑን ድንጋይ ሟቹ አባቱ አቶ ወርቅነህ እጁን ይዘው አሳይተውታል፤ ከዚያ ወዲህ አልነካውም። በታች ጋይንት ወሰን ገፊ ከተባለ ሰው ቤት ማንም ልጁን አይድርም። የአባትን ስም ማጥራት ደግሞ ከሦስት ትልም ገብስ ይበልጣል።

ቅዳሴ ወጣ፤ ሕዝቡ ከበበ። ቢሆነኝ ነጠላውን አደግድጎ፣ መዳፉን በደጀ ሰላሙ በር ላይ አሳርፎ፣ መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ያስባሉትን ተከትሎ ተናገረ።

«ከአባቴ ወሰን አልፌ ከሆነ መሬት ትክዳኝ።»

መሬትም አልዘገየችም። መጀመሪያ ከሥር የጭነት መኪና የሚያልፍ የሚመስል ድምፅ መጣ፤ በዚያ በኩል ግን መኪና አያልፍም። ቀጥሎ የቆርቆሮው በር ከመዳፉ ሥር ተንቀጠቀጠ፣ ከቅጥሩ ካብ ጥቂት ድንጋይ ተንከባለለ፣ የመንደሩ ውሻ ሁሉ ጮኸ። አቡነ ዘበሰማያት ለማድረስ ያህል እንኳ አልቆየም። ከቢሆነኝ በቀር የተጎዳ የለም። ሰው ሁሉ መጀመሪያ መሬቱን፣ ቀጥሎ እሱን አየ።

ሽማግሌዎቹ ለዛሬ ይቆየን ብለው ተነሡ። ማክሰኞ የግብርና ባለሙያዋ ትዕግሥት የራዲዮኑን ወሬ ይዛ መጣች። መንቀጥቀጡ ትንሽ ነው፣ ጥልቀት የሌለው፣ ከላይ ከላይ ስለሆነ ነው እንዲያ የተሰማን፣ በስማዳው ወገዳና በእስቴው መካነ ኢየሱስም ተሰምቷል አለች። ቢሆነኝን ማገዟ ነበር። ጠላ ቤት የተቀመጡት ግን፣ ስማዳና እስቴ ድረስ ከተሰማ ውሸቱ ቀላል አልነበረም ብለው ሳቁ።

ሳቁንስ በቻለው። የባሰው በልቡ የገባው ነው። እሱ ወሰን አልገፋም፤ ይህን ያውቃል። መሬት ያለ ነገር አትንቀጠቀጥም፤ ይህንንም አውቃለሁ ይላል። ታዲያ ማን ቀረ? ድንጋዩን የተከሉት አባቱ ናቸው። ሦስት ቀን በሬ ሳይጠምድ ይህችን ሲያመነዥክ ዋለ። አባቱ ጎህ ሳይቀድ ማሳ መውረዳቸውን፣ መሬት ሲባል ዓይናቸው መብራቱን፣ ድሮ የወደደላቸውን ሁሉ አሁን እንደ ማስረጃ ቆጠረባቸው። አፈረ፤ ያፈረው ግን በእሳቸው ነው። ሐሙስ ጠዋት ዶማ ይዞ ወረደና ድንጋዩን ነቀለ፤ ሦስት ትልም ወደ ራሱ ማሳ አስገብቶ ተከለው።

አፈሩን ረግጦ ሳይጨርስ ካሣሁን መጣ። ቢሆነኝ፣ መቼም ደስ ይለዋል ብሎ ጠበቀ። ካሣሁን ግን ድንጋዩን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ።

«መልሰው» አለ።

«የአንተ ነው። መሬት ፈርዳለች።»

«የፈረደችው በእኔ ላይ ነው። አንተ ስትምል የምዋሸው እኔ ነበርኩ። አባትህና አባቴ ተስማምተው የተከሉት እዚያው የነቀልክበት ላይ ነው። ድንጋዩን ያቀበልኳቸው እኔ ነኝ።»

ሽማግሌ ፊት ቀርቤ እናገራለሁ፣ የተፈረደብኝን እክሳለሁ እያለ ብዙ ለፈለፈ። ቢሆነኝ ግማሹንም አልሰማው። ይቅር ብዬሃለሁ አለው፤ ያን ማለት አላቃተውም። ዶማውን እዚያው ጥሎ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አቀበቱን ተያያዘው። ካሣሁን ከኋላው ድንጋዩንስ ማን ይመልሰው ብሎ ጠየቀ።

አባቱ የተቀበሩት ከቅጥሩ ውስጥ፣ ከወይራው ሥር ነው። ቢሆነኝ ተንበረከከ። ካሣሁን ሊወስድባቸው የፈለገው ሦስት ትልም ነው። እሱ፣ የገዛ ልጃቸው፣ ሦስት ቀን ሙሉ በልቡ ሌባ ሲላቸው ሰነበተ። ይቅር ይበሉኝ ሊል አፉን ከፈተ፤ ዕንባው ቀደመው።