ክብሪትና የበረዶው ሳፋ

ፀጉር ሠሪዋ ፊቷን በረዶ ውሃ የሞላው ሳፋ ውስጥ እንደነከረች፣ የውበት ሳሎኑ ባለቤት መጋረጃውን ገለጠችና ጮኸች። አንገትጌዋን ከኋላ ይዛ እየጎተተች፣ "ኧረ ድረሱልኝ፣ ራሷን ልታጠፋ ነው" አለች። በረዶው ወለሉ ላይ ተበተነ።

"እትዬ፣ ደህና ነኝ" አለች ፀጉር ሠሪዋ፣ ውሃው ከአገጯ እየተንጠባጠበ። "ሕክምናዬ ነው።"

ማን ሰምቷት። ባለሳሎኗ ለፀጉር ሠሪዋ ታላቅ እህት ደውላ፣ "ነይና እህትሽን ውሰጂ" ብላ ጨርሳለች።

ነገሩ የተነሳው ከደንበኛ ነው። ለዓመታት ፀጉሯን ለሌላ እጅ ሰጥታ የማታውቅ ሴት ዛሬ ገብታ፣ ሰላም እንኳ ሳትላት አዲሷ ሠራተኛ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ለሌላ ሰው ይህ ተራ ነገር ነው። እሷን ግን አንድ ሰው ሲርቃት ሁሉም የተዋት ይመስላታል፤ ደረቷ ይነዳል፣ እጇ ያገኘውን ያነሳል። ዱሮ ቢሆን የፀጉር ማድረቂያውን መስታወቱ ላይ ትወረውር ነበር፤ ወርውራም ታውቃለች። ቤቷ ስትገባ ደግሞ የቀረውን ንዴት በገዛ ገላዋ ላይ ትወጣው ነበር።

ሕመሟ ሐኪሞቹ ቦርደርላይን የሚሉት የስብዕና መታወክ ነው። ዲቢቲ በሚባለው ሕክምና፣ ስሜቷ ሲገነፍል ምን ማድረግ እንዳለባት ከመሰሎቿ ጋር እየተማረች ነው። አንዱ ትምህርት ይኸው ነው፤ ትንፋሽን ይዞ ፊትን በረዶ ውሃ ውስጥ መንከር። የልብ ምት ረገብ ይላል፣ ሰውም ወደ ራሱ ይመለሳል። ዛሬም ሠርቶላት ነበር፣ ባይጎትቷት።

የሚያናድደውም ይህ ነው። መስታወት ስትሰብር "ጠባይዋ ነው፣ ክብሪት አይደለች እንዴ?" ብለው ስቀው አለፉ። ክብሪት ያለቻት ገና በልጅነቷ እህቷ ናት፤ ስሙ እሷን ተከትሎ እዚህም ደርሷል። እንዳትሰብር ስትማር ግን አበደች ተባለ። ሲጭሯት የኖሩ ሰዎች ናቸው እሳቱን ለማጥፋት ስትሞክር የደነገጡት።

እህቷ ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ገባች።

"አዋረድሽን እኮ" አለች። "ሰው ፊት?"

"ማንንም አልነካሁም።"

"ወራት ሙሉ ሕክምና ሕክምና ትያለሽ፣ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ከዛሬ ጀምሮ ያቺን ሐኪም ተብዬ ትተሽ ቤት ትቀመጫለሽ።"

"ሥራዬስ?"

እህቷ ባለሳሎኗን አየቻት። ባለሳሎኗ ወለሉን እያየች፣ "ዕረፍት ይሻላታል" አለች። "ደንበኞቼ ፈርተዋል።"

"መስታወቱን ስሰብር ያላባረሩኝ፣ ዛሬ ፊቴን ስለነከርኩ ነው የሚያባርሩኝ?"

የክብሪት ደረት እንደገና መንደድ ጀመረ። ማድረቂያው አጠገቧ ተሰቅሏል። እህቷ አየችውና ፈቀቅ አለች። አዲሷ ሠራተኛም ማበጠሪያዋን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ሁሉም የሚሆነውን አስቀድሞ ያወቀ ይመስላል።

ክብሪት ማድረቂያውን አልፋ ሳፋውን አነሳች። ከፍሪጁ የቀረውን በረዶ ገለበጠችበት፣ ውሃ ሞላችው፣ ከዚያም መጋረጃው ጀርባ ሳይሆን ደንበኞቹ መካከል፣ ትልቁ መስታወት ፊት አስቀመጠችው።

"ደግሞ ምን ልትሆኚ ነው?" አለች እህቷ።

"የምማረውን ላሳይሽ ነዋ። ፀጉሬን ያዢልኝ፣ እንዳይረጥብ።"

እህቷ ትያዘው አትያዘው ሳታይ፣ ትንፋሿን ውጣ አጎነበሰች።